የሞርሳው ሰደርያ

ሰውየው እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ነበረው፤ ነገር ግን ከሐኪም ቤቱ ካርድ በስተቀር ያንን ስም የሚያስታውስ አልነበረም። ጎረቤቱም፣ ደንበኛውም፣ እንጨት አቅራቢውም የሚጠሩት ሞርሳው እያሉ ነው። ሞርሳ እንግዲህ አናጢ በሥራ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የሚያስረው፣ እንጨት ነክሶ የሚይዝ የብረት መንጋጋ ነው። ሰውየው ግን ስሙን ያገኘው በመንጋጋው አይደለም፤ መንጋጋውም ቢሆን በጊዜው የዋዛ አልነበረም። ስሙን ያገኘው በመቀመጫው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንበር እግር ከመቀመጫው ጋር በኮላ ሲገጠም፣ ኮላው እስኪደርቅ ድረስ አንድ ነገር ከላይ ጠበቅ አድርጎ ሊጫነው ይገባል። ሌላው ወርክሾፕ ለዚህ ሥራ የሚዞር የብረት ማጥበቂያ አለው። ይህ ሰው የሚሠራበትም ወርክሾፕ ነበረው፤ ግን ጥርሱ አልቆ ቢያዞሩት ቢያዞሩት የማይነክስ ሆነ። የወርክሾፑ ባለቤት የነበሩት ሽማግሌ አዲስ ሊገዙ ኮታቸውን ሲደርቡ፣ ያኔ ገና ቅጥር ሠራተኛ የነበረው ይህ ሰው «እስቲ ትንሽ ይታገሱ» አላቸውና ኮላ የተቀባው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ሻዩን ጠጣ። ጋዜጣውን ከማስታወቂያው እስከ ስፖርቱ አነበበ። ትንሽም ሸለብ አደረገው። ሲነሳ ወንበሩ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ መስሏል። ሽማግሌው ወንበሩን ገልብጠው አዩት፣ ሰውየውንም ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ኮታቸውን መልሰው ሰቀሉ። ውሎ አድሮም ልጃቸውን ዳሩለት። ነገረኞች «ማጥበቂያው ሌላ ቤት እንዳይሄድባቸው ብለው ነው» ይላሉ። ሚስቱ ግን የመረጥኩት እኔ ነኝ ባይ ናት፤ እሷ ያለችው ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልክ ሆኖ ይገኛል።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ወርክሾፕ ጊዜ የሚለካው በሱ አቀማመጥ ሆነ። ወንበር በሻይ ይደርቃል፣ ጠረጴዛ በምሳ፣ አልጋ ደግሞ በደህና እንቅልፍ። ሥራው ራሱ ብላና ተቀመጥ የሚል ሥራ ነበር፤ እሱም ሥራውን አክብሮ በላ፣ ተቀመጠም። ዓመት በመጣ ቁጥር እሱ እየከበደ፣ የወርክሾፑም ዕቃ እየጠነከረ ሄደ። ደንበኛ ወንበሩን ሲያደንቅ ሲሰማ ሆዱን ዳበስ ያደርጋል። ሌላው መዶሻውን እንደሚወድ እሱም ሆዱን ይወደው ነበር፤ የሙያ ዕቃ ነውና አያፍርበትም።

ሆዱ አላሳፈረውም፤ ሌላው አካሉ ግን አመጸ። መጀመሪያ፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ይቆረጥ ጀመር፣ ቀጥሎ ጉልበቶቹ አልታጠፍ አሉ፣ በመጨረሻ ደሙ ውስጥ ስኳር ተገኘ። ሐኪሙ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። ጨጓራህን በቀዶ ጥገና እናሳንሰው፣ አለዚያ የሚቀጥለው ወንበርህ ጎማ ያለው ነው የሚሆነው አለው። ሞርሳው ሌላ ሰው በሠራው ወንበር ላይ ዕድሜውን መጨረስ ስላልፈለገ እሺ አለ። ገባ፣ ተኛ፣ ወጣ። ከጨጓራው የተረፈው አንዲት ሙዝ የምታህል ነገር ናት።

ከዚያ በኋላማ መክሳት ብቻ ሆነ። ቀበቶው ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ ተጨመረ፤ ኋላም ቀዳዳ የሚበሳበት ቦታ ጠፋ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ይለዋል። ዓይናቸው ደከም ያለ አንዲት አሮጊት ደግሞ መንገድ ላይ አስቁመው «ለመሆኑ ታላቅ ወንድምህ ደህና ነው? ካየሁት ሰነበትኩ» አሉት። ምግብ ላይ ያለው ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ድሮ እንቁላል ማለት ቁርስ እስኪደርስ ድረስ የሚቆይበት ነገር ነበር። አሁን አንድ የተቀቀለ እንቁላል ፊቱ ተቀምጦ፣ ማን ማንን እንደሚያሸንፍ ይተያያሉ። ሚስቱ ራስጌው ቆማ «ነጩን ጨርስ» ትለዋለች፤ እሱም ነጩን እያየ «እሱ ነው የሚጨርሰኝ» ይላታል።

ክፋቱ ውፍረቱ ብቻውን አለመሄዱ ነው። ጡንቻውንም አስከትሎ ሄደ። መጋዝ ሲስብ ክንዱ ይዝላል፤ ካጎነበሰበት ለመነሳት የሚደገፈውን ነገር በዓይኑ ይፈልጋል። አንድ ጠዋት የማር ብርጭቆው ክዳን አልከፈት ብሎት ለሚስቱ አቀበላት። እሷም አንድ ቃል ሳትናገር ከፍታ መለሰችለት። ብትስቅበት ይሻለው ነበር፤ አለመሳቋ አንጀቱን አቆሰለው።

ይህን ሁሉ ችሎ ዝም ባለ ነበር፤ ያጋለጠው ልማዱ ነው። ወደ ሥራ በተመለሰ ሰሞን ጡረታ ለወጡ አንድ ዳኛ የምግብ ቤት ወንበር ገጠመ። ኮላውን ቀባ፣ ሻዩን ያዘ፣ ዘፍ አለ። ሻዩ አለቀ፣ ጋዜጣው አለቀ፣ ተነሳ፤ ወንበሩም ደርቋል ተብሎ ተላከ። እሱም ሌላውም የዘነጉት ነገር ቢኖር፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ የድሮው ግማሽ እንደነበር ነው። ዳኛው እንግዶቻቸው ፊት ተቀምጠው ሾርባቸውን ሲያማስሉ፣ ወንበሩ አራት እግሩን ወዳራት አቅጣጫ ዘርግቶ ቀስ እያለ ወደ መሬት አወረዳቸው። ማንኪያውን ግን አልለቀቁም ይባላል። በማግስቱ የወንበሩን ስብርባሪ በጆንያ ይዘው መጡና በራፉ ላይ አስቀምጠው «ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ» ብለው ሄዱ።

ፍርድ ሰጪው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነበር። ሽማግሌው ከሞቱ ወዲህ ወርክሾፑን የያዘው እሱ ነው፤ ሜትር ካንገቱ ስለማይለይ ባለሜትሩ ይሉታል። ክፉ ሰው አይደለም። እህቱን ይፈራል፣ የእህቱን ባል ያከብራል፤ ብቻ ነገር ሁሉ ካልተለካ አይዋጥለትም። በዚያው ሳምንት ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ከታዘዙት የንባብ ጠረጴዛዎች የመጀመሪያው ደረሰና፣ ከባዱን የላይኛውን ጣውላ እግሮቹ ላይ ለመጫን ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ወዲህና ወዲያ ይዘው ጎንበስ አሉ። የባለሜትሩ ጫፍ ተነሳ። የሞርሳው ጫፍ ጉልበቱ ድረስ መጥቶ ቀረ፤ ቀጥሎ ጣቶቹ ተፈለቀቁና ጣውላው እግሩ አጠገብ ዱብ አለ። እግሩን ለጥቂት ሳተው።

«ጋሼ፣» አለ ባለሜትሩ፣ ሜትሩን እየጠቀለለ እየፈታ፤ «በቃ እኮ፣ እስካሁን የለፋኸው ይበቃሃል። ፊት ለፊት ሱቁ ውስጥ ተቀመጥና ደንበኛ አነጋግርልን። ጠረጴዛው ንጹህ ነው፣ ማራገቢያ አለው፣ ስልክ አለው።»

«እኔ ስልክ ላነሳ?»

«ስልክ ከጣውላ ይቀላል ጋሼ።»

በቅንነት ነበር የተናገረው፤ ለዚህም ነው የባሰ የመረረው። ሞርሳው ጎንበስ ብሎ ጣውላውን አቧራውን ጠረገለትና «የመጨረሻው ጠረጴዛ እስኪደርስ ታገሰኝ» አለ። «የመጨረሻውን ጣውላ ካንተ ጋር ካላነሳሁ፣ ራሴ በእግሬ ሄጄ ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ።» ባለሜትሩ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ እህቱ ትዝ አለችውና መልሶ ዘጋው። በዚሁ ተስማሙ።

በሰው ፊት ኮራ ብሎ ተናገረ እንጂ ሰውየው ፈርቶ ነበር። ከጉርምስናው ጀምሮ የሚያውቀው እንጨት ነው። ጠዋት የመላጊያ ፍቅፋቂ ሲሸተው ነው ቀኑ መጀመሩን የሚያምነው። ያ የሥራ ጠረጴዛ ከተወሰደበት ምን እንደሚተርፈው አስቦ አስቦ ያገኘው መልስ አንድ የከሳ ሰውዬ ብቻ ነው። ያንን ሰውዬ ደግሞ ገና በደንብ አልተዋወቀውም።

ሐኪም ቤት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ዘንድ ሄደ። ክንዷ ከመጥረጊያ እንጨት የማይወፍር ወጣት ናት፤ እሱ ከጀርባዋ ቀጭኗ ይላታል። ቁስሉን አይታ ድኗል ካለች በኋላ ክንዱን ጫን ጫን አድርጋ መረመረችው።

«ሰውነትዎ ሲራብ የሚበላው ስቡን ብቻ አይደለም፣ ጡንቻዎንም አብሮ ይበላል» አለችው። «ስለዚህ ማዕድ ላይ መጀመሪያ እንቁላሉ፣ ዓሣው፣ እርጎው ይግባ፤ ሌላው ቦታ ከተገኘለት ይከተል። ጡንቻውን ደግሞ ሥራ ይስጡት። ከወንበር ይነሱ፣ ይቀመጡ፣ እንደገና ይነሱ። ሲቀልልዎ ክብደት እንጨምራለን። ካልከበደዎ እየጠነከሩ አይደለም ማለት ነው።»

«የኔ ልጅ፣» አላት ሞርሳው፣ «እኔ እኮ ቤቴን ያቆምኩት በመቀመጥ ነው።»

«መቀመጡንማ ይችሉበታል፤ እኔ ያልኩት መነሳቱን ነው» አለችና ሁለት ትንንሽ ሮዝ የእጅ ክብደቶች አስያዘችው።

ሮዝ መሆናቸው ነው ያናደደው። የሕፃን መጫወቻ ይዞ ክንዱን ሲያጥፍ ሲዘረጋ ሰው ቢያየው የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ቤት ወስዶ አንዱን የመኝታ ቤቱ በር በነፋስ እንዳይዘጋ አስደገፈበት፤ ሌላውን የጋዜጣው ክምር ላይ ጫነው። ሚስቱ አየች፣ ዝም አለች። የሷ ዝምታ የሚያስፈራ ዝምታ ነው፤ ሞርሳው ግን ያን ሰሞን የሚያስበው ሌላ ስለነበር አላስተዋለውም።

የሚያስበው የዳኛውን ወንበር ነበር። ወንበሩ የፈረሰው እሱ ስለቀለለ ነው፤ ስለዚህ መክበድ ነው መፍትሔው። ሐሳቡ የመጣለት መላጊያውን ሲስል ነው፤ ከዚያም ቀኑን ሙሉ ብቻውን ፈገግ ሲል ዋለ። ማታ ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ለሚስቱ ነገራት። እሷ እቤት ሆና የወርክሾፑን የሶፋ ልብስ ትሰፋለች፤ የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ነው።

«ሰደርያ ስፊልኝ። በገበሩና በላዩ መካከል ብረት የሚገባበት ይሁን። ዝርግ ዝርግ ብረት፣ እንዳይንኳኳ። ከጋዋኔ ሥር እለብሰዋለሁ።»

ሚስቱ መርፌዋን አቆመች። «ሆድህን ያስቀደድከው ለመቅለል አልነበረም እንዴ?»

«ለቤት እንድቀልል ነው። ለሥራ ልክበድ።»

«ወንድሜስ?»

«እሱማ እንዳይሰማ። ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ።»

ወዲያው እሺ አለች። ሚስት እንዲህ ቶሎ እሺ ስትል ሌላ ባል ቢሆን ይጠረጥር ነበር። በማግስቱ መድኃኒትህን ላምጣልህ ብላ ሐኪም ቤት ደርሳ ተመለሰች፤ መድኃኒቱ ገና እንዳላለቀ ሞርሳው አላስታወሰም። ስትመለስ ከአንድ ሶፋ የተረፈ ወፍራም ጨርቅ አወጣች። ቀይ አበባ ያለበት ነው። «ሌላ የለም?» ሲላት «ከጋዋን ሥር ማን ያየዋል?» አለችው።

መጀመሪያ ሞርሳው ራሱ ያገኘውን ብረት ሁሉ ሞልቶ ለበሰው፣ ለመሞከር አልጋው ላይ ተቀመጠ፣ እዚያው ቀረ። ለመነሳት ሲንፈራገጥ ሚስቱ ግድግዳ ይዛ እስክታለቅስ ሳቀችበት። ከዚያ ክንዱን ይዛ አስነሳችውና ከብረቱ ብዙውን አራግፋ ጥቂቱን መልሳ ሰፋችው። «ከትንሽ እንጀምር» አለች። ሞርሳው እንጀምር የሚለውን ቃል ሰምቶ አለፈው።

ወርክሾፕ ውስጥ ያየው ሁሉ ተደነቀ። ፊቱ ከስቷል፣ አንገቱ ከስቷል፣ ከአንገት በታች ግን ከጋዋኑ ሥር ደልደል ብሏል። ባለሜትሩ በዓይኑ ለካው፤ አልገጣጠም አለው፤ ግን የእህቱን ባል ደረት በሜትር መለካት ነውር ስለሆነ ተወው። ሞርሳውም ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ሰደርያው ብቻውን እንደማይበቃው ስላወቀ፣ ጎንበስ ብሎ የሥራ ጠረጴዛውን የታች አግዳሚ በሁለት እጁ ይይዝና ራሱን ወደ ታች ይጎትታል። ጋዜጣ ማንበብ ቀረ፣ ሻይ ቀረ፤ ኮላው እስኪደርቅ ጥርሱን ነክሶ ሲጎትት ፊቱ ይቀላል። ባለሜትሩ «ጋሼ ምነው፣ አመመህ?» ሲለው «እያሰብኩ ነው» ይለዋል። ከዚያ መነሳት አለ፤ ያንን ሁሉ ብረት ይዞ፣ እያንዳንዱን ወንበር ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብድግ። ቀጭኗ ያዘዘችው ይኸው አይደል? እሱ ግን አላገናኘውም። እሱ እያታለለ እንጂ ስፖርት እየሠራ አልመሰለውም።

ሰደርያውን የሚያወልቀው ለመኝታና ለእሁድ ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ሚስቱ ታገላብጠውና «ስፌቱ ላልቷል» ትላለች። ይዛው ወደ መኪናዋ ትሄዳለች፣ ትንሽ ታንኳኳለች፣ ሰፍታ ትመልስለታለች። ታታሪነቷ ያስደስተው ነበር።

በዚሁ መካከል ወርክሾፑ ውስጥ ሌላ ጣጣ ተነሳ። ከማዕዘኑ ሣጥን ያሮጌ በር ማጠፊያ ይጠፋ ጀመር። ባለሜትሩ ሣጥኑን እየነቀነቀ «አይጥ ብረት መብላት ጀመረ እንዴ?» ይላል፤ ጎረቤት ያለውን ብየዳ ሠራተኛ በክፉ ዓይን ያየዋል፤ ብየዳ ሠራተኛውም ይህን አይቶ ሰላምታ ነፈገው። ሞርሳው ከደሙ ንጹሕ ነበር። የሱ ብረት የመጣው ከቤቱ ጓሮ ስለሆነ እሱም አብሮ ሌባውን ረገመ። የሶፋ ልብስ ልታስረክብ ብቅ ያለችው ሚስቱም አብራ ረገመች።

ወራቱ እንዲህ አለፉ፤ ጠረጴዛዎቹ አንድ በአንድ አለቁ። ትልልቁን ጣውላ ባለሜትሩ ብየዳ ሠራተኛውን እየለማመጠ ነበር የሚያነሳው። ሞርሳው ደግሞ ቀን በቀን ቅስሙ ይሰበር ጀመር። ምክንያቱም የጥንካሬው መለኪያ አድርጎ የያዘው ሰደርያውን ነው። ጠነከርኩ ማለት የምችለው ይህ ነገር ሲቀልለኝ ነው ብሎ ነበር፤ ሰደርያው ግን እምቢ አለ። ጠዋት ሲለብሰው ዛሬም እንደ መጀመሪያው ቀን ትከሻውን ይጫነዋል። ከወንበር ሲነሳ ዛሬም እንደ መጀመሪያው ቀን ጭኑ ይንቀጠቀጣል። እንቁላሉን በላ፣ ዓሣውን በላ፣ እርጎውን እንደ ታዘዘው ጠጣ፤ ጠብ ያለለት ነገር የለም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ እንደሚወጣ፣ የማሩን ክዳን እግረ መንገዱን ከፍቶ እንደሚያልፍ፣ ይህን ሁሉ ልብ አላለም። ሰው አንዴ አልቻልኩም ካለ የቻለውን አያይም።

የመጨረሻው ጣውላ የሚነሳበት ጠዋት ቁርሱ ላይ እንቁላሉን ገፋ አደረገው።

«ዛሬ ለወንድምሽ እነግረዋለሁ» አለ። «ሰደርያውንም አሳየዋለሁ። ጣውላውን ከምጥልበት ስልኩን ባነሳ ይሻላል።»

ሚስቱ እንቁላሉን መልሳ ወደሱ ገፋችው። «ከጣልከው ምን ትሆናለህ?»

«አፍራለሁ።» ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ቀና ብሎ ሳያያት፣ «ድሮ ስቀመጥ ቤቱ ይሰማኝ ነበር» አለ። «አሁን ብገባም ብወጣም የሚሰማኝ የለም። ያ ሥራ ከሄደ እኔም የሄድኩ ነው የሚመስለኝ።»

ሚስቱ ልትናገር ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ተወችው። ብቻ «ነጩን ጨርስ፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ የማስረክበው የሶፋ ልብስ አለኝ» አለችው።

ወርክሾፑ ውስጥ የመጨረሻው ጣውላ መሬት ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል። ከሁሉም ወፍራሙ እሱ ነበር። ባለሜትሩ ለክቶ ጨርሶ ቆሟል። ሞርሳው ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም የጋዋኑን ቁልፍ ፈታ፤ ጋዋኑ ወለቀ። ቀይ አበባ ያለበት ሰደርያ ወጣ። ባለሜትሩ ሰደርያውን አየ፣ እህቱን አየ፣ ጥግ ያለውን ያልተሸጠ ሶፋ አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ የሶፋ ልብስ አይደለም?»

«ነው። ሳትስቅ ስማኝ። እስካሁን ሲቀመጥ የነበረው እኔ አይደለሁም፣ ይሄ ነው። ውስጡ ብረት አለበት። አታለልኩህ። ጉልበቴ አልተመለሰም፤ ይኸው ዛሬም ይከብደኛል። ያዝልኝ፣ ስልኩ የታለ?»

አለና ሰደርያውን አውልቆ በአንድ እጁ አቀበለው። ባለሜትሩ ሰደርያ እንደሚቀበል ሰው በሁለት ጣቱ ተቀበለ። ጣቶቹ ወረዱ፣ እጁ ተከተለ፣ ትከሻው ተከተለ፤ ባለሜትሩ እጅ እንደሚነሳ ሰው ጎንበስ ብሎ መሬት ደረሰ። ሰደርያው ወለሉ ላይ ሲያርፍ መዶሻዎቹ መስቀያቸው ላይ ተንቀጫቀጩ።

«አትቀልድብኝ» አለ ሞርሳው፤ ሆድ ባሰው።

«ማን ነው የሚቀልደው?» ባለሜትሩ ተቀምጦ እጁን እያሸ ነው። በሁለት እጁ ይዞ ሊያነሳው ሞከረ፤ ጉልበቱ ድረስ አምጥቶ መልሶ አስቀመጠው። «ይሄን ለብሰህ ነው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብድግ የምትለው? ሰው ነህ?»

ሞርሳው ግራ ገባው። ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ ደግሞ የሶፋ ልብሱን እጥፋት በጣም በጥንቃቄ ታስተካክል ነበር።

«ስንት ነው ውስጡ ያለው?» አላት።

«ቀጭኗ ናት እንዲህ ያለችኝ» አለች ሚስቱ፣ ስሙን ከሱ ሰምታ ስለያዘችው። «ያኔ ሄጄ ነገርኳት። ሮዞቹን በር አስደግፎባቸዋል አልኳት። ሳቀች፤ ይልበስ፣ ግን ከትንሽ ጀምሪለት፣ በቀለለው ቁጥር ጨምሪበት፣ ሲጠነክር አይወቀው አለችኝ። ከነገርነው ይተወዋል ብለን ነው።»

«መቼ ነው የጨመርሽው?»

«ስፌቱ በላላ ቁጥር።»

ሞርሳው እሁዶቹን ሁሉ፣ መኪናዋን፣ የምታንኳኳውን ድምፅ፣ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄዶ አያቸው። ባለሜትሩ ግን የሄደው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ የሰደርያውን ጫፍ በመቀስ ተረተረና እጁን ከተተ። አንድ ያሮጌ በር ማጠፊያ ይዞ ወጣ። ሌላም። ሌላም።

«እህቴ፣» አለ ማጠፊያውን ወደ ብርሃን አንስቶ፤ «እኔ ከሰው ልጅ ሁሉ ጋር ተጣላሁ እኮ።»

«ብየዳ ሠራተኛውን ይቅርታ ትጠይቃለህ» አለች እህቱ፤ አንድም ያፈረች አትመስልም።

ሞርሳው ከዚህ በላይ አልጠበቀም። ወደ ጣውላው ሄደ፣ ጎንበስ አለ፣ ጫፉን ያዘ። «ና ያዝ» አለ። ባለሜትሩ ሮጦ ሌላውን ጫፍ ያዘ። ሞርሳው ብድግ አለ። ወራት ሙሉ ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ ሲነሳ የኖረ ሰውነት፣ ብረቱ እንደወለቀ ማንም አልነገረውም፤ በለመደው ኃይል ተነሳ። የሱ ጫፍ ደረቱን አልፎ ወጣ፣ ጣውላው ተንጋደደ፣ ሸክሙ ሁሉ ወደ ባለሜትሩ ተንከባለለበት።

«ቀስ! ጋሼ ቀስ በል፣ ልትገለኝ ነው!»

ሞርሳው ጣውላውን ዝቅ አደረገለት፣ ጠብቆት፣ አብረው እግሮቹ ላይ አሳረፉት። ልክ ገባ። ባለሜትሩ ጠረጴዛውን ተደግፎ ያለከልካል፤ ሞርሳው ግን ትንፋሹ እንኳ አልተዛባም። ሁለቱን መዳፎቹን ጣውላው ላይ ዘርግቶ ቆመ፤ ደስ ብሎት ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እንባውንም አልደበቀውም። ሚስቱ ከበስተጀርባው መጥታ ጋዋኑን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። በዚያን ጊዜ ፊት ለፊት ሱቁ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ሞርሳው ንቅንቅ አላለም። ባለሜትሩ ወገቡን ይዞ እያነከሰ ሄዶ አነሳው።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ወርክሾፑ ውስጥ አዲስ የብረት ማጥበቂያዎች ተገዝተው ተሰቀሉ፤ የሚያጠብቃቸውም ሞርሳው ነው፣ በክንዱ። የዳኛው ወንበር ከሁሉ በፊት ተሠርቶ ሄደ። ዳኛው ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀመጡበት ሾርባውን ቆመው ጨርሰው ነበር ይባላል፤ ወንበሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

እሁድ ጠዋት ሚስቱ መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ ክር ታስገባለች። ሰደርያው ወንበር ጀርባ ላይ ተሰቅሏል፤ ባለሜትሩ የተረተረውን ከጠገነችው ቆይታለች፣ ስለሱም የተናገረ የለም። ሞርሳው ሻዩን ይዞ ጥቂት አንጎራደደ። በመጨረሻ ሰደርያውን ከወንበሩ አነሳ፣ በአንድ እጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው፣ ወስዶም ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት።

«እስቲ እይልኝ» አላት፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ። «ስፌቱ ሳይላላ አልቀረም።»

ሚስቱ ስፌቱን በጣቷ ሳብ አድርጋ አየችው። ጥብቅ ያለ ነው።

«አዎ፣» አለች፣ መቀሷን እያነሳች፤ «በጣም ላልቷል።»